ኮምፒዩተርና ባሕረ ሐሳብ

(በትክል ድንጋይ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት፣ ኮምፒዩተር የሰጡትን ነገር እንዴት ተቀብሎ፣ በምን መንገድ አሰናድቶ፣ ምን አድርጎ መልሶ እንደሚያወጣ የሚያስረዳ ነው። አርእስቱን መምህራችን በነገሩን ጊዜ ጥቂት ደነገጥን። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ወላጆቻችን አብዛኞቹ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ናቸው፤ የባዕድ ቃል ደርድረን ብንወርድ ጭብጨባ እናገኝ ይሆናል እንጂ የተረዳን ሰው አይኖርም ብለን ፈራን። ኋላ ግን ከመካከላችን አንዱ «ይህን ሥራ እኮ መርጌታ ያለ መኪና ይሠሩታል» አለ። ነገሩ እውነት ሆኖ ስላገኘነው ንግግራችንን በእርሱ ላይ መሠረትን።

ኮምፒዩተር ሦስት ነገር ይሠራል። መጀመሪያ ይቀበላል፤ የሚቀበለውም በጣት ከሚመታው ገበታ፣ ከስልክ መስተዋት፣ ከድምፅ ማጉያ ወይም ከፎቶግራፍ ማንሻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ የተቀበለውን በልቡ ይዞ፣ አስቀድሞ በተሰጠው የትእዛዝ ዝርዝር መሠረት ያሰላል። ይህ የትእዛዝ ዝርዝር ፕሮግራም ይባላል። ሦስተኛ ያገኘውን ውጤት በመስተዋት ላይ፣ በወረቀት ወይም በድምፅ ያወጣል።

ይህን በወፍጮ ልንመስለው አስበን ነበር። ጤፉ ከላይ ይፈሳል፣ ድንጋዩ ይፈጫል፣ ዱቄቱ ከታች ይወርዳል። ምሳሌው እስከ ግማሽ መንገድ መልካም ነው፤ በተለይም ጠጠር የተቀላቀለበትን እህል ብናቀርብለት ወፍጮው ጠጠሩን ከእህሉ ጋር አብሮ ስለሚፈጭ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ነገር ግን ወፍጮ አይጠይቅም፤ የመጣለትን ሁሉ በአንድ ዓይነት ይፈጫል። ፕሮግራም ግን በየመንገዱ እየቆመ «ይህ ቍጥር ከሠላሳ ይበልጣልን? ቢበልጥ ወዲህ፣ ባይበልጥ ወዲያ» ይላል። ስለዚህ ከወፍጮ ቤት ወጥተን ወደ መርጌታ ደጅ መሄድ ነበረብን።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርን ልጆች ስለ ሆንን ባሕረ ሐሳብን ከስሙ በቀር አናውቀውም ነበር። አልጀብራ ተምረናል፤ ጾምና በዓል የሚወጣበትን ቍጥር ግን የተማረ ከመካከላችን አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሐሳብ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ትሰጠዋለች። የጎንደር ሊቃውንትም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል እያስተላለፉት እስከ ዛሬ ደርሷል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብተርና እርሳስ ይዘን ወደ እርሳቸው ሄድንና «የኔታ፣ የ2018ን ዓመተ ምሕረት ትንሣኤ ያውጡልን» አልናቸው። እርሳቸውም የጣታቸውን አንጓ እየቈጠሩ ሲናገሩ እኛ ጻፍን።

በቅድሚያ በ2018 ላይ 5500 ደመሩ፤ 7518 ሆነ፤ ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። 7518ን ለ4 ሲያካፍሉት 1879 ደርሶ 2 ተረፈ። ትርፉ 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነውና ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ሆነ። የደረሰውን 1879 መጠነ ራብዒት ብለው ከ7518 ጋር ደመሩት፤ 9397 ሆነ። ይህን ለ7 ሲያካፍሉ 3 ተረፈ። ትርፉ 1 ሲሆን ዘመን መለወጫ ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ፣ 3 ሲሆን ሐሙስ ይውላልና መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነው አሉን።

ከዚያ ሌላ መንገድ ጀመሩ። 7518ን ለ19 አካፈሉት፤ 13 ተረፈ። ከዚህ አንድ ቀንሰው 12ን ወንበር አሉት። ወንበሩን በ19 አበዙት፤ 228 ሆነ። ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፉት 18 ቀረ፤ ይህም መጥቅዕ ነው። «መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል» አሉን፤ ስለዚህ መስከረም 18 ሆነ። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ 18ኛው ቀን እሑድ ነው። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል ቍጥር አለው፤ ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2 ነው። የእሑድን 7 በ18 ላይ ቢጨምሩ 25 መጣ፤ ይህም መባጃ ሐመር ነው። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ጾመ ነነዌ በጥር ይገባልና ነነዌ ጥር 25 ቀን ሆነ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 25ና 9፣ 34፤ ሠላሳው ሲገደፍ 4። «ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ይህ ሁሉ ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አልፈጀም።

እንግዲህ አስተውሉ። እኛ ለመርጌታ የሰጠናቸው አንድ ቍጥር ብቻ ነው፤ 2018። ያ ግብዓት ነው። የተቀበልነውም አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሚያዝያ 4። ያ ውጤት ነው። በመካከል ያለው ሁሉ፣ መደመሩ፣ ማካፈሉ፣ መግደፉ፣ «ከ14 ቢበልጥ» ማለቱ ፕሮግራም ነው። የተውሳኩ ሰንጠረዥ እኛ ሳንሰጣቸው አስቀድሞ በልባቸው የነበረ ነው፤ በኮምፒዩተርም እንዲሁ አስቀድሞ የተቀመጠ ዕውቀት አለ። ወንበሩን ካገኙ በኋላ እስኪያበዙት ድረስ በጣታቸው አንጓ ላይ ይዘውት ነበር፤ የኮምፒዩተር ማስታወሻ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

መርጌታ ቀጥለው «አሁን 2017ን ራሳችሁ አውጡ» ብለው አዘዙን። በዚያው መንገድ ሄደን መጥቅዕ 29፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ተውሳኩ 4፣ ድምሩም 33 ሆነብንና ቆምን። ጥር 33 የሚባል ቀን የለም። «ከ30 ከበለጠ ሠላሳውን ገድፋችሁ ወደ የካቲት ተሻገሩ» አሉን። ነነዌ የካቲት 3፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ሆነ፤ በ2017 የዋለውም በዚሁ ቀን ነበር። ትእዛዙ ያው ነው፤ ግብዓቱ ስለ ተለወጠ ብቻ በመንታው መንገድ ላይ ወደ ሌላው አቅጣጫ ታጠፈ። ከወፍጮ የሚለየው በዚህ ነው ያልነው።

ከዚህ በኋላ የሰማነውን በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ጻፍነው። የተጠቀምንበት የትእዛዝ ቋንቋ ፓይተን ይባላል። ሥራው ሁለት ቀን ወሰደብን፤ አንዱን ቀን የወሰደው መብራቱ ነው። በነገራችን ላይ በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ፊደልም ቍጥርም የለም፤ ያለው «መብራት አለ» እና «መብራት የለም» ብቻ ነው። መብራት ሲኖር 1፣ ሳይኖር 0 ተብሎ ይጻፋል፤ መጥቅዓችን 18 በዚህ አጻጻፍ 10010 ይሆናል። የትክል ድንጋይ ሰው «መብራት የለም» የሚለውን ግማሽ ትምህርት ከማንም በፊት ስላወቀው እዚህ ላይ አንዘገይም።

ፕሮግራማችን 2018ንም 2017ንም በትክክል አወጣ። ደስ ብሎን በስልክ ላይ ጭነን ወደ መርጌታ ወሰድነው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ተመለከቱና «2006ን ስጡት» አሉ። ሰጠነው። መኪናው ያለ አንዳች ኀፍረት በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 0 ቀን ነው ብሎ ጻፈ። መርጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጆቼ፣ ጥቅምት ዜሮ ገበያው የት ነው የሚውለው?» አሉን። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2006 ዓመተ ዓለሙ 7506 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ አልቦ ይሆናል፤ አልቦ በ19 ቢባዛ አልቦ ነው። በዚህ ጊዜ መጥቅዑ 30 እንዲባል ሊቃውንቱ ደንግገዋል፤ እኛ ግን ይህን ድንጋጌ ስላልጠየቅናቸው አልነገሩንም፣ እኛም ለመኪናው አልነገርነውም። ይባስ ብሎ የትንሣኤው ቀን ሚያዝያ 12 ሆኖ በትክክል ወጥቶ ነበር፤ ምክንያቱም ጥቅምት 0 ያለው መስከረም 30ን ስለ ሆነ የዕለቱ ስም አልተፋለሰም። መጨረሻውን ብቻ ብናይ ኖሮ ስሕተቱን ሳናውቅ እንቀር ነበር። መርጌታ 2006ን የጠየቁት በአጋጣሚ አይደለም፤ የደቀ መዛሙርት እግር የሚሰናከልበትን ድንጋይ ያውቁታል።

አንድ ሰው ቢያጠፋ «ጥቅምት ዜሮ» ብሎ ከመናገሩ በፊት ጆሮው ይነግረዋል። ኮምፒዩተር ጆሮ የለውም። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1843 ወይዘሮ አዳ ላቭሌስ የቻርልስ ባቤጅን የሒሳብ መኪና አስመልክታ ስትጽፍ፣ መኪናው ከራሱ የሚያመነጨው ነገር እንደ ሌለና የሚሠራው እኛ ልናዝዘው የምናውቀውን ብቻ እንደ ሆነ ገልጣለች። ባቤጅም በ1864 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የተሳሳተ ቍጥር ቢያስገቡበት መኪናው ትክክለኛ መልስ ያወጣ እንደ ሆነ የምክር ቤት ሰዎች እንደ ጠየቁት ጽፏል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከምን ዓይነት የሐሳብ መደናገር እንደሚመጣ ሊገባው እንዳልቻለም ጨምሯል። እኛ በእነዚያ ሰዎች ላይ አንስቅም። ዛሬም በከተማችን «ኮምፒዩተሩ እንዲህ ብሏል» ሲባል ክርክሩ የሚያልቅ ይመስላልና።

አሁን ወደ ጠጠሩ እንመለስ። ፕሮግራማችንን ካረምን በኋላ ሆን ብለን አታለልነው። በ2018 ፈንታ የፈረንጆቹን 2026 ሰጠነው። መኪናው አልተቈጣም፤ «ይህ የፈረንጅ ዘመን ነው» አላለም። 5500 ደምሮ፣ አካፍሎ፣ ገድፎ ትንሣኤ ሚያዝያ 1 ቀን ነው አለን። ትክክለኛው ግን ሚያዝያ 4 ነው። ሒሳቡ አንድም ስሕተት የለበትም፤ ያወጣልን ስምንት ዓመት ቈይቶ የሚመጣውን የ2026 ዓመተ ምሕረትን ፋሲካ ነው። የሚያስፈራው ልዩነቱ ሦስት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ጥቅምት ዜሮ ቢል እንስቅ ነበር፤ ሚያዝያ 1 ሲል ግን ማንም ሰው አምኖ በጉን ይገዛል።

ይህ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ በፊት ከጨረሱት ወንድሞቻችን አንዱ በ1999 ዓመተ ምሕረት የተወለደ ነው። በ2017 ስሙን ልንጠራው ወደማንፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ለሥልጠና ሲመዘገብ፣ 1999 ብሎ በፎርሙ ላይ ጻፈ። ፕሮግራሙ የተሠራው ለፈረንጅ ዘመን ስለ ነበረ 1999ን ከ2025 ቀንሶ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ አደረገው። «ዕድሜህ ከተፈቀደው በላይ ነው» ተባለ። ጢሙ ገና ያላበቀለ ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ፣ ጸሐፊው የሚመለከተው ልጁን ሳይሆን መስተዋቱን ነበር። ሁለት ጊዜ ጎንደር ተመላልሶ፣ የልደት ማስረጃ አቅርቦ፣ ሲታረምለት የምዝገባው ቀን አልፎ ነበር። እናቱ ለመሳፈሪያ የሸጡትን ዶሮ ማንም አልመለሰላቸውም። መኪናው አልዋሸም፤ የተሰጠው ቍጥር ዘመኑ ያልተነገረበት ቍጥር ነበር።

ከዘመኑ ቀጥሎ ያለው ችግር የስማችን ነው። ኮምፒዩተር ፊደላችንን የሚያውቀው በቍጥር ነው። የዓለም ፊደላት ሁሉ ቍጥር የተሰጣቸው ዩኒኮድ በሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ የግእዝ ፊደል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ገብቶበታል። ሀ 4608 ነው፤ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። ለያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ስፍራ ስለ ተተወለት ለ 4616 ላይ ይጀምራል። «ሰላም» ብለን ብንጽፍ ገበታው የሚልከው 4656፣ 4619፣ 4637ን ነው፤ መኪናው እነዚህን ይዞ ይቈያል፤ በመስተዋቱ ላይ ሲያወጣ ደግሞ ለየቍጥሩ የተሣለውን መልክ ፈልጎ ያሳየናል። ሰላም ማለት ምን እንደ ሆነ ግን አያውቅም።

ችግሩ የሚመጣው ከሞክሼ ፊደላት ነው። ንጉሡ ሠ 4640 ነው፤ እሳቱ ሰ 4656 ነው። ሃ 4611፣ ኃ 4739 ነው። እኛ ኃይሉንና ሃይሉን በአንድ ድምፅ እንጠራቸዋለን፤ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን 4739 እና 4611 አንድ ሊሆኑ አይችሉም፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ያደርጋቸዋል። «ሁለቱን እንደ አንድ ቍጠር» የሚል ትእዛዝ ካልተጻፈለት በቀር ኃይሉን በሃይሉ ቢፈልጉት «የለም» ይላል። መምህራን ስለ ፊደል ሲቈጡን ነገሩ የቄንጥ ብቻ ይመስለን ነበር።

ይህን ሁሉ የተናገርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወላጆቻችን እንደምታውቁት በዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ነው፤ የምንጽፈውም እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ነን። ለአገር አቀፉ ፈተና የሚላከው ስም ከዚህ ይወጣል። ሥራውን ስንጀምር በእጃችን ከጻፍነው ውስጥ አንዲት እኅታችን ሁለት ጊዜ ተመዝግባ አገኘናት፤ አንድ ጊዜ «ሥላሴ» ያለበት የአባቷ ስም በንጉሡ ሠ፣ ሌላ ጊዜ በእሳቱ ሰ ተጽፎ ነበር። የአንደኛው ሴሚስተር ውጤት በአንዱ ስም፣ የሁለተኛው በሌላው ስም ገብቶ ስለ ነበር፣ ኮምፒዩተሩ ሁለት ግማሽ ተማሪዎች አድርጎ ሁለቱንም «ትምህርቷን አላጠናቀቀችም» ብሏቸዋል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የተጣደፍነውም እኛ ነን። ልጅቷ ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣች ናት።

ስለዚህ የሁሉንም ተማሪ ስምና የትውልድ ዘመን ዝርዝር በወረቀት አትመን ከመምህራን ክፍል ውጭ ባለው ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ እስከ መጪው ዓርብ ድረስ ይቈያል። ስታነቡት ሦስት ነገር እንድትመለከቱልን እንለምናለን። ስሙ በክርስትናው ወይም በልደት ወረቀቱ ላይ ባለው ፊደል መጻፉን፣ የአባትና የአያት ስም አለመገለባበጡን፣ ከትውልዱም ዘመን ጎን ዓ.ም. ወይም «ፈረንጅ» የሚል ምልክት መኖሩን እዩልን። ስሕተት ያገኘ ሰው በቀይ እርሳስ ያስምርበት፤ እርሳሱ በገመድ ታስሮ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ቢኖሩ ከመካከላችን ሁለት ሁለት ተማሪዎች በየቀኑ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው እንቆማለን፤ ስሙን ጮኸን እናነብላችኋለን፣ እናንተም ትክክለኛውን ትነግሩናላችሁ።

መርጌታም ሰኞ እንመጣለን ብለዋል። የራሳቸው የልጅ ልጅ ከዝርዝሩ ላይ አለ፤ ስሙን በየትኛው ሐ እንደ ጻፍንበት ገና አላዩትም።